ፓምፑን ከማውጣታችን በፊት ለምን እንደምንለካ

ለክቡራን ደንበኞቻችን
ሱሉልታ

ጉዳዩ፦ የቆዩ መኪኖችን የቤንዚን ፓምፕ ምርመራና ቅያሪ ይመለከታል

ብዙ ደንበኞቻችን አዲስ ፓምፕ ገዝተው፣ «ይህን ብቻ ቀይሩልን» ብለው ይመጣሉ። መኪናው ቤንዚን እንደማያደርስ ሰው ነግሯቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። ጥፋቱ ያለው ግን ሪሌው (ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ)፣ የተቃጠለ ሶኬት ወይም የተደፈነ ፊልትሮ ላይ ከሆነ አዲሱ ፓምፕ ገብቶም መኪናው እንደነበረው ይቀራል፤ ገንዘቡም ይባክናል። ሳንለካ ፓምፕ የማናወጣው ለዚህ ነው።

የደከመ ፓምፕ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ሜዳ ላይ ደህና የሚሄድ መኪና ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ሽቅብ ሲጀምር ጉልበት ያጣል፤ ነዳጅ በሰጡት ቁጥር ይብስበታል። ፓምፑ ካለበት ታንክ፣ ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ ቀድሞ ያልነበረ ጩኸት ይሰማል። ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ረጅም ጊዜ ካልዞረ አይነሳም። ሌላው ምልክት መኪናው ከሞቀ በኋላ ድንገት ጠፍቶ፣ ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ መነሳቱ ነው፤ የፓምፑ ሞተር ሲያረጅ እንዲህ ያደርጋል። ሲሞቅ የሚያቋርጥ ኮይልም (ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨው) ይህንኑ ስለሚያሳይ፣ መኪናው በጠፋበት ሰዓት መጀመሪያ ካንዴላው ላይ እሳት መኖሩን እናያለን። እሳት ከሌለ ፓምፑን አንነካም።

ቁልፍ ሲከፈት ፓምፑ ሁለት ሰከንድ ያህል የሚሠራባቸው መኪኖች አሉ። በአንዳንድ የቆዩ ቶዮታዎች ግን የሚሠራው ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ ነው፤ ድምፅ አለመሰማቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ ኢንጀክሽን (ቤንዚን በግፊት የሚረጩ) ኮሮላዎች ኮፈናቸው ሥር ትንሽ ጥቁር የመመርመሪያ ሳጥን አላቸው። ቁልፉን ከፍተን በውስጡ «ፕላስ ቢ» እና «ኤፍ ፒ» የሚባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ስናገናኝ ፓምፑ በቀጥታ መሥራት አለበት። በዚህ መንገድ ከሠራ ጥርጣሬያችን ወደ ሪሌውና ሪሌውን ወደሚያዘው መስመር ይዞራል። ካልሠራ ሶኬቱ ላይ ቮልቴጁን እንለካለን። የሚለካው ፓምፑ እንደተሰካ ነው፤ ሶኬቱ ተነቅሎ ሲለካ የላላ ወይም የዛገ ሽቦም 12 ቮልት ያሳያል። ከባትሪው ከ1 ቮልት በላይ ካነሰ ችግሩ ሽቦው ወይም ኔጋቲቩ ላይ ነው።

ከዚያ ግፊት እንለካለን። ትርፍ ቤንዚን ወደ ታንክ የሚመልስ መስመር ባላቸው የቆዩ ኮሮላዎች፣ ከግፊት ሬጉሌተሩ (ግፊቱን ከሚመጥነው ክፍል) ላይ የአየር ቱቦው ሲነቀል ከ2.7 እስከ 3 ባር መሆን አለበት። የመመለሻ መስመር በሌላቸው እንደ ቪትዝ ባሉት ከ3 እስከ 3.4 ባር ነው። ግፊቱ ዝቅ ካለ የመመለሻውን ጎማ ለአፍታ ቆንጠጥ እናደርጋለን። ወዲያው ሽቅብ ከዘለለ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ የሚቀየረው ሬጉሌተሩ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላም ወደ 1.5 ባር መቅረት አለበት። ቶሎ ከወረደ የፓምፑ ቫልቭ፣ ሬጉሌተሩ ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ነው፤ ጠዋት ለመነሳት የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። በመጨረሻ መጠኑን እናያለን፤ ጤነኛ ፓምፕ በ30 ሰከንድ ግማሽ ሊትር ያህል ይሰጣል።

ኢንጀክሽን ሳይሆኑ ካርቡሬተር ያላቸው እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ያሉት ፓምፓቸው ሞተሩ ላይ ነው፤ ግፊቱም ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ብቻ ነው። እነዚህን የምናስጠነቅቀው ስለ ዘይቱ ነው። የፓምፑ ሜምብሬን ሲቀደድ ቤንዚን ወደ ሞተር ዘይት ይገባል። የዘይት መለኪያው ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይም መጠኑ ከጨመረ መኪናውን አያስነሱ፤ የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ይበላዋል።

ፓምፑ መቀየር ካለበት ታንኩ ከሩብ በታች ሲሆን ይምጡ። ሞተሩ እየሠራ የፓምፑን ሶኬት ነቅለን በራሱ እስኪጠፋ እንጠብቃለን፤ ግፊቱ እንዲወርድ ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ እንፈታለን፤ ሥራውንም የእሳት ማጥፊያ አጠገባችን አድርገን ደጅ ላይ እንሠራለን። የኋላ መቀመጫው ተነስቶ ክዳኑ ሲከፈት በአካባቢያችን መንገድ የሚገባው አቧራ እዚያ ተከምሮ ይገኛል። አንድ ቡሎን ሳይፈታ ይህ በብሩሽና በአየር መጽዳት አለበት፤ አለዚያ ሁሉም ታንኩ ውስጥ ይወድቃል።

ከፓምፑ ጋር የምንቀይራቸው አሉ፦ የታችኛው ወንፊት፣ አጭሩ ጎማና ሁለቱ ፋሼታዎች (ማሰሪያዎቹ)፣ የክዳኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው)፣ የቧንቧ ማሰሪያው የመዳብ ሮንዴላዎች፣ የውጭው ፊልትሮ። አጭሩን ጎማ በተመለከተ አጥብቀን እንከራከራለን። ተራ የቤንዚን ጎማ ከውስጥ እንጂ ከውጭ ቤንዚን አይችልም፤ ታንኩ ውስጥ ተነክሮ ሲቆይ አብጦ ይሰነጠቃል፤ ግፊቱም እዚያው ታንኩ ውስጥ ይፈሳል። «ጄ30 አር10» የሚል ጽሑፍ ያለበት ይፈለግ። ሽቦውም ተገልብጦ ከታሰረ ፓምፑ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ድምፁ ይሰማል፣ ግፊት ግን አይሰጥም። ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ክዳን ወይም ማቀፊያ እንገጥማለን፤ ያገለገለ ፓምፕ ግን አንገጥምም፤ ምን ያህል እንደቀረው ከውጭ ታይቶ አይታወቅም።

ፓምፑን የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም ዙሪያውን ያለው ቤንዚን ነው። የነዳጅ ሰልፍ በሚረዝምበት ጊዜ የነዳጅ ማነስ መብራቱ በርቶ ቀናት የሚነዳ መኪና ፓምፑን ያለ ማቀዝቀዣ ያሠራዋል፤ ከታንኩ ሥር ያለውን ደለልም ወደ ወንፊቱ ይስባል። ሩብ ላይ ሲደርስ መሙላት ይልመድብዎ። ቤንዚን በጀሪካን ከገዙ መጀመሪያ በንጹሕ ብርጭቆ ቀድተው ጥቂት ያቆዩት፤ ውኃ ካለው ከሥር ተለይቶ ይታያል። የወጣውን ወንፊት ቆርጠን እናሳይዎታለን። ዝገት ወይም ደለል ከተገኘበት ታንኩ ወርዶ ሳይታጠብ አዲስ ፓምፕ አንገጥምም፤ አሮጌውን የገደለው ቆሻሻ አዲሱንም ይገድለዋልና።

መንገድ ላይ ከቆሙ ሞተሪኖውን ደጋግመው አያስጩኹት፤ ባትሪውንም ሞተሪኖውንም ይጨርሳል። ሲደውሉልን መኪናው ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ እንደነበረ፣ ታንኩ ውስጥ ምን ያህል ቤንዚን እንዳለ፣ መጨረሻ የት እንደቀዱና ቁልፉን ሲከፍቱ ከኋላ ድምፅ መኖር አለመኖሩን ይንገሩን፤ የትኛውን መለዋወጫ ይዘን እንደምንመጣ የምንወስነው በዚያ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የጋራዡ መካኒኮች