ለሐኪሙ ንገሪ፣ ልጄ

ሚሚዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኔና ወንድምሽ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የአዳማ ሙቀት ብቻ አላስቀምጥ ብሎናል።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን “እሺ እማ፣ እሺ እማ” ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ በቴሌግራም ጻፍኩት። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አክስትሽ ከሐዋሳ ደውላልኝ ነበር። ራስ ምታት እየተመላለሰብሽ ነው አለችኝ። ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየገዛሽ ትውጫለሽ አለችኝ። የአምስት ወር እርጉዝ ሆነሽ! ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ክትትል ስትጀምሪ “ከዚህ በፊት ያመመሽ ነገር አለ?” ሲሉሽ “የለም” ብለሻል። እንዴት የለም? ኩላሊትሽስ? አማትሽ እንዳይሰሙ ብለሽ ነው? “ልጃችን በሽተኛ አገባ” እንዳይባል ነው? ይበሉ! አንቺ ለሐኪሙ ንገሪ።

ዘጠኝ ዓመትሽ ስለነበር ብዙውን አታስታውሺም። ከወንጂ፣ ከአያትሽ ቤት የተመለስሽ ሰሞን ነው ወባው የጣለሽ። ሽንትሽ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ጭራሽ ቆመ። ፊትሽ አብጦ ዓይንሽ አልገለጥ አለ። በሪፈር አዲስ አበባ ሄደን የኩላሊት እጥበት ተጀመረልሽ። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባዶ ሃይላንድ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሮ ሽንትሽን ይጠብቅ ነበር። መጣ ሲባል የመጀመሪያዋ መስመር ላይ እንኳን አልደረሰም። እሱ ግን ያችን ሃይላንድ ይዞ ኮሪደሩን ሙሉ ዞረ። የማያውቃቸውን አስታማሚዎች “እዩልኝ፣ ልጄ ሸናች!” ይላቸው ነበር። እልል አሉለት። ዛሬ ቢኖር ይሄን የልጅ ልጁን እንዴት ይጠብቅ ነበር! ይሄን ሳስብ እጄ መጻፍ ይተዋል።

ትናንት የድሮ ወረቀትሽን ይዤ እዚህ ያለች ሐኪም ጋ ሄድኩ። በደንብ አስረዳችኝ። ያኔ ድነሻል፣ እውነት ነው። ግን የሞተው የኩላሊት ማጣሪያ አይተካም። የቀረው የእሱንም ሥራ ደርቦ ይሠራል። ክሬአቲኒንሽ፣ ያ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ደህና እየመጣ ያዘናጋሽ ለዚህ ነው። ደርቦ የሚሠራ ደግሞ ዓመታት ሲያልፉ ይደክማል። የደም ግፊት ይመጣል፤ ፕሮቲን በሽንት መውጣት ይጀምራል፤ ሰውየው ምንም ሳይሰማው። በእርግዝና ጊዜ ደሞ ኩላሊት የሚያጣራው ወደ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የእርጉዝ ክሬአቲኒን ከሌላው ጊዜ ዝቅ ማለት አለበት። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ደህና የሚባለው ቁጥር ላንቺ ደህና ላይሆን ይችላል። ታሪክሽን ካላወቀ ሐኪሙ ይሄን ከየት ያመጣዋል? ንገሪው።

ኩላሊቷ አንዴ ተጎድቶ የዳነላት ሴት ፕሪኤክላምፕሲያ የሚሉት የእርግዝና ግፊት ከሌላው በበለጠ ሊይዛት ይችላል። ከ20 ሳምንት በኋላ ነው የሚመጣው። አንዱ ምልክቱ ራስ ምታት ነው! ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት፣ የኔ እናት። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም።

ዛሬውኑ ሂጂና ግፊትሽን ተለኪ። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ “ነገ እመለሳለሁ” እንዳትዪ። የሽንት ፕሮቲንና ክሬአቲኒን እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ ፊትሽና እጅሽ ድንገት ካበጠ፣ ከጎድንሽ ሥር በቀኝ በኩል ካመመሽ ሌሊትም ቢሆን ባልሽን ቀስቅሺው። ዲክሎፌናኩን ጣይው፤ አይቡፕሮፌንም ያው ነው። ወደ ኩላሊትሽ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። የጽንሱንም ኩላሊት ነክቶ የሽርት ውሃ ያሳንሳል። ፓራሲታሞል ይሻላል ብላኛለች ሐኪሟ፤ እሱንም ጠይቀሽ ውሰጂ። አክስትሽ ዳማከሴ ጨምቃ ብትሰጥሽ እምቢ በያት፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ካስመለሰሽ ወይም ካስቀመጠሽ ቤት ተኝተሽ አትጠብቂ፤ ፈሳሽ ማጣት ለተጎዳ ኩላሊት ክፉ ነው።

ከወለድሽም በኋላ በየዓመቱ ግፊትሽን፣ ደምሽንና ሽንትሽን ታያለሽ። ይሄ ለዕድሜ ልክ ነው።

የመውጫ ወረቀትሽን ፎቶ አንስቼ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ለሐኪሙ አሳዪው። ዋናውን ነገ በሚኒባስ እልካለሁ፤ ከሽሮው ጋር በፌስታል ጠቅልዬዋለሁ። ባልሽ ይቀበል፣ አንቺ ከባድ አታንሺ።

ማታ እደውላለሁ። ግፊትሽ ስንት እንደሆነና ሐኪሙ ምን እንዳለሽ ትነግሪኛለሽ። “አልነገርኩትም” የሚል መልስ አልቀበልም።

እናትሽ