የታሪክ ክበባችን ከአንድ ንጉሥ ጋር የከረመበት ዓመት

የታሪክ ክበብ ዘንድሮ የሠራው በአንድ ሰው ላይ ነው። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ። "ዓመት ሙሉ አንድ ንጉሥ?" ያሉን አልጠፉም። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ ላይ የተቀለደብንማ ይቅር። ግን ንጉሡ 34 ዓመት ነው የገዙት፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ጣሊያን ውስጥ ሬኔሳንስ እየደመቀ የነበረበት ዘመን ነው። ልጆቻችን የፍሎረንስን ሠዓሊዎች ከመማሪያ መጽሐፍ ያውቃሉ። በ1450 ኔፕልስ ድረስ ወደ ንጉሥ አልፎንሶ መልእክተኛ የላከ ኢትዮጵያዊ ንጉሥ እንደነበረ ግን የሰማ አልነበረም።

አጀማመራችን ቀላል አልነበረም። ግማሹ ልጅ ንጉሡን ከፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ጋር አምታቶ መጣ። በመካከላቸው ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ አለ። የጥቅምት ስብሰባዎች ይህንን በማጥራት አለቁ። ምርጫ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የአባላት ምዝገባ የመሳሰለው እንደ ሁልጊዜው ተከናውኗል፤ ቃለ ጉባኤው አለ።

ነገሩ ሕይወት የዘራው በአንድ የቤት ሥራ ነው። "ቤታችሁ ቅዳሜ የማይሠራ ሥራ ካለ ለምን እንደማይሠራ ጠይቃችሁ ኑ" አልናቸው። አንዱ አያቱ ቅዳሜ እህል እንደማያስፈጩ ነገረን። ሌላዋ እናቷ "ቀዳሚት ሰንበት ናት" ብለው ብቻ እንደመለሱላት አወራችን። ከዚያ ወደ 1450ው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ወሰድናቸው። የመነኩሴው የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩና ሲገፉ ኖረዋል። ክርክሩ የተዘጋው በዚያ ጉባኤ ነው፤ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ተባለ። የዘጋውም ንጉሡ ናቸው። የእመቤታችን 33 በዓላት፣ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ መታዘዙ፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ግሸን የሚወጣው ሕዝብ፣ ሁሉም ከእሳቸው ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። ልጆቹ ከዚያ በኋላ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሲያዩ ንጉሡን መፈለግ ጀመሩ።

ውርሱ የቤተ ክርስቲያን ብቻ እንዳልሆነ ያሳየን አንድ የ10ኛ ክፍል ሙስሊም ተማሪ ነው። "የአዳልን ወገን እኔ ላቅርብ" አለ። የአዳሉ ሱልጣን በድላይ በ1445 ጎሚት ላይ ከንጉሡ ጦር ጋር ሲዋጉ እንዴት እንደወደቁ፣ ቂሙም ሁለቱን ነገሥታት አልፎ እስከ ኢማም አህመድ ዘመን እንደዘለቀ ካርታ ሥሎ አስረዳ። ያ ካርታ አሁንም ክፍሌ ግድግዳ ላይ አለ።

ንጉሡ ለግብፁ ሱልጣን ጃቅማቅ የጻፉትን ደብዳቤ ደግሞ በሚኒ ሚዲያ በድራማ አቀረብነው። የአባይ ጉዳይ ስላለበት ግቢው ጆሮ ሰጥቶ አዳመጠ። ማይኩ መሃል ላይ ጠፋ። ማይኩ ሁልጊዜም መሃል ላይ ይጠፋል።

ጉዞው ደብረ ብርሃን ነበር፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ። በወላጆች መዋጮ የተከራየነው ቅጥቅጥ ጫጫን ሳያልፍ ልጆቹ በብርድ ተቆራምደው ነበር። ከተማዋን የቆረቆሩት ንጉሡ ናቸው። በ1456 አካባቢ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ እሳቸውም እዚያ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው መናገሻ አደረጓት። የዛሬ ተመራማሪዎች ብርሃኑን በዚያው ዓመት ከታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ አንዱ ልጅ ቀና ብሎ ጣሪያውን ይፈልግ ጀመር። "መላእክቱስ?" አለ። እነሱማ ጎንደር ናቸው። የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሌላ ነው፤ የዚህኛው ያሁኑ ሕንፃም በአፄ ምኒልክ ዘመን የተሠራ ነው። ሳቅን።

ያስጎበኙን አንድ አረጋዊ መሪጌታ ነበሩ። የብርሃኑን ታሪክ አጣፍጠው ነገሩን። ሲጨርሱ "ጥያቄ ያለው?" አሉ። ዓመቱን ሙሉ ስብሰባ ላይ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ የ9ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። "የኔታ፣ ጽዮን ሞገሳን ለምን አስገደሏት?" አለች።

እኔ ደነገጥኩ። ጽዮን ሞገሳ የአልጋ ወራሹ የበእደ ማርያም እናት ናት። ንጉሡ ተዶለተብኝ ብለው በድብደባ ያስገደሏት። በገዛ ልጆቻቸው ላይም ጨክነዋል፤ ለመስቀልና ለማርያም ሥዕል አንሰግድም ያሉትን እስጢፋኖሳውያንንም በግርፋትና በሞት ቀጥተዋል። መሪጌታው ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ "ይህን ከየት አነበብሽው ልጄ?" አሏት። ስልኳን አውጥታ አሳየቻቸው። ላይብረሪያችን ካለችው አንዲት የተቀዳደደች የንጉሡ ዜና መዋዕል ቅጂ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ ነበር። እሳቸውም መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀመጡ። ስለ እናትየው፣ ስለ በእደ ማርያም ሐዘን፣ ንጉሡ ሴቶች ልጆቻቸውን የየአገሩ ገዥ አድርገው ስለመሾማቸው ለእሷ ብቻ የሚናገሩ ይመስል አወሩ። እሷም መልሳ መላልሳ ጠየቀች። ሾፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ ማንም አልተነሳም። በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ዓይነት ክፍለ ጊዜ ብዙ አላየሁም።

ከጉዞው በኋላ "አገር አጸኑ ወይስ በፍርሃት ገዙ?" ብለን ክርክር አደረግን። አንድ ወላጅ "ንጉሡን ታሰድባላችሁ" ብለው ቢሮ ድረስ መጡ። ዜና መዋዕሉን የጻፉት የቤተ መንግሥት ሰዎች ናቸው፤ እኛ ያነበብነው እነሱ የጻፉትን ነው። ወላጁ በቀጣዩ ክርክር ላይ ተገኝተው አዳምጠዋል፤ እናመሰግናለን።

ያልተሳካም አለ። የግድግዳ ጋዜጣችን በቀለም እጦት ተቋርጧል። የስፖርት ክበብ አዲስ ማሊያ ተገዝቶለታል፤ ያምርባቸዋል። እኛ የጠየቅነው ቶነር ነበር።

ለሚቀጥለው ዓመት የንጉሡ አጽም ወዳረፈበት ጣና፣ ዳጋ እስጢፋኖስ እንሂድ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ደሴቲቱ ላይ ሴት አይገባም። አብዛኛው አባላችን ደግሞ ሴት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው መንፈቅ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሄደን የማርያም ሥዕሎቹን እናያለን። ሁኔታው ከፈቀደ በሁለተኛው ግሸን እንወጣለን። ለሙዚየሙ የሚያስፈልገን የታክሲና የመግቢያ ብቻ ነው። ለግሸን መኪና ያስፈልጋል። መርዳት የምትፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ ከመጽሐፍም ከገንዘብም የቻላችሁትን ለክበቡ ገንዘብ ያዥ መስጠት ትችላላችሁ። ደረሰኝ እንቆርጣለን።