ስለ አስታማሚውም ይጻፍ

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ መርሳት በሽታ ሲጻፍ የአስታማሚው ነገር ይዘነጋል። እናቴ ማታ ማታ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ «ወደ ቤቴ ውሰደኝ» ትለኛለች። መጀመሪያ እከራከራት ነበር፤ ክርክሩ እሷን ከማስፈራት በቀር የፈየደው የለም። አሁን እጇን ይዤ በግቢው አንድ ዙር እንዞራለን፤ «ደረስን» ስላት ትረጋጋለች። (ውሸት ነው የሚሉኝ አንድ ሌሊት አብረውን ይደሩ።)

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከእንክብካቤው ሰዓት 70 በመቶው የሚወድቀው በሴቶች ትከሻ ላይ ነው። በእኛም ቤት ሥራዋን የለቀቀችው እህቴ ናት፤ እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ዘመዶች መርቀውን ይሄዳሉ። ምርቃቱን አልጠላም፤ ግን በሳምንት አንድ ከሰዓት እናቴ ዘንድ ቢቀመጡ እህቴ እንቅልፏን ትጠግብ ነበር።

አንድ አንባቢ