ለጥሩዬ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጥሩዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? እማማን ቅዳሜ ገበያ አግኝቻቸው ነበር፤ ደህና ናቸው፣ «ከዚያ ከሚንቀጠቀጥ አገር ትምጣልኝ» ብለው አለቀሱብኝ። ይህን ያህል ዘመን ድምፄን አጥፍቼ አሁን ብጽፍልሽ አትቀየሚኝ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ የአዋሽ ፈንታሌ ምድር ሲናጥ፣ ሰው በአሥር ሺዎች ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ አንቺ እዚያ ጤና ጣቢያ መሆንሽን እያሰብኩ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር ብሎ ነበር። የስምጥ ሸለቆ መሬት ነውና ነገም ይነቃነቃል።

እኔን የምታስፈራኝ፣ ሰው ከፍርስራሽ ከወጣ በኋላ ያለችው ሰዓት ናት። ክረምት ላይ አንድ ጎልማሳ ከባሕር ዛፍ ወድቆ እኛ ሕክምና ቤት መጣ። እንደወደቀ እግሩን ያንቀሳቅስ እንደነበር ወንድሙ ምሎ ነገረኝ። አዝነውለት ብብቱን ይዘው አነሡት፣ ባጃጅ ላይ አስቀመጡት፣ ኮረኮንቹ እያንገጫገጨው መጣ። አልጋ ላይ አስተኝተን የእግሩን አውራ ጣት ስቆነጥጠው «ነካሽኝ እንዴ?» አለኝ። የተሰበረ አከርካሪ ሲታጠፍ ስብራቱ በውስጡ የሚያልፈውን የነርቭ ገመድ፣ ሕብለ ሰረሰሩን፣ ሊጨፈልቀው ይችላል። ግድግዳ የወደቀበትም ሰው እንዲሁ ነው።

ስለዚህ እባክሽ ጎረቤቶችሽን ከአሁኑ አለማምጃቸው። ቃሬዛ መሐሉ ይረግባል፤ በር ነቅለው ሳንቃውን ያንጥፉበት። አንዱ የተጎዳውን ሰው ጭንቅላት ከአንገቱ ጋር አጥብቆ ይዞ ይቁጠር፤ ሌሎቹ ትከሻውን፣ ዳሌውንና እግሩን ይዘው በእሱ ቃል እኩል ያገላብጡት። የአንገት መደገፊያ ከሌለ በግራና በቀኝ የተጠቀለለ ጋቢ ይደግፈዋል። ካስታወከው ደግሞ አንገቱ ሳይጠመዘዝ፣ ሰውነቱ ባንድነት በጎን ይዙር።

ጭንቅላቱን የተመታውን ከዓይንሽ አታርቂው። ሲያወራ ቆይቶ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ራስ ቅሉ ውስጥ ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊትም ቢሆን ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ላኪው። እስከዚያው ኦክስጅን እንዳያንሰው፣ የላይኛው የደም ግፊቱም ከ110 እንዳይወርድ ጠብቂ። ንቃቱ በግላስጎ መለኪያ (ከ3 እስከ 15 በሚቆጠረው) 8ና ከዚያ በታች ከሆነ መተንፈሻው እንዳይዘጋ ራሱ መጠበቅ አይችልም፣ ከሁሉ መተንፈሻውን መክፈት ይቅደም። እብጠት ይቀንሳል የሚባለውን መድኃኒት፣ ስቴሮይድን፣ ደግሞ ለጭንቅላት ጉዳት ተዪው፤ ከ10,000 በላይ ሕሙማን የተካተቱበት ትልቅ ጥናት ሞትን እንደሚጨምር ካሳየ ቆይቷል።

አጥብቄ የምለምንሽ ግን ስለ ኋለኛው እንክብካቤ ነው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም በፓኪስታን በደረሰው መንቀጥቀጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አከርካሪያቸው ተጎዳ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ከመቅሰፍቱ ከተረፉት ብዙዎቹን ያሰቃያቸው የአልጋ ቁስልና የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ነው። መንቀሳቀስ የማይችለውን ሰው በየሁለት ሰዓቱ መገልበጥ ሐኪም አይጠይቅም፤ የሚታገሥ ዘመድና የሚያስተምረው ሰው እንጂ። የዚያን ጎልማሳ ሚስት አስተማርናት፤ ሌሊት በስልኳ ደወል እየነቃች ታገላብጠዋለች፣ ተረከዙንና መቀመጫውን በባትሪ ታያለች። እስካሁን ቆዳው ንጹሕ ነው። ይህች ሴት ለእኔ ከማንኛውም መሣሪያ ትበልጣለች።

ጤና ጣቢያችሁ ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) እና የአንገት መደገፊያ ስንት እንዳለው ቆጥረሽ ጻፊልኝ። የጎደለውን እዚህ ካሉት ልጆች ጋር አስተባብረን በአዲስ አበባ በኩል እንልካለን፤ የሚቀበለንን ሰው ብቻ ንገሪኝ።

እህትሽ