ለተባረረው ከሚሠራው በላይ ሲከፈል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኞች ደመወዝ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። (እግር ኳሱን ሳይሆን ያቺን ሞላላ ኳስ ይዘው የሚላተሙበትን ማለቴ ነው።) የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ከርቢ ስማርት በዓመት ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛል ብላችሁ ጉድ አሰኝታችሁናል። ልክ ናችሁ፣ ያገኛል። ግን ዋናው ጉድ ላይ ሳትደርሱ ጨረሳችሁት። ሲሠሩ የሚያገኙትን ነገራችሁን እንጂ ሲባረሩ የሚያገኙትን አላነሳችሁትም።

የምኖረው ቴክሳስ ስለሆነ የሰፈሬን ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጂምቦ ፊሸር ቀላል አሰልጣኝ አይደለም። ኤልኤስዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) በዝነኛው አሰልጣኝ በኒክ ሴበን ሥር ረዳት ሆኖ ሠራ። ቀጥሎ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባና በ2010 ዋና አሰልጣኝ ሆነ። በ2013 የውድድር ዘመን አገር አቀፉን ዋንጫ በላ። የእኛው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ በ2017 መጨረሻ ላይ በ10 ዓመት 75 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። ውሉ ሙሉ ዋስትና ነበረው። ቢያሸንፍም ባያሸንፍም ገንዘቡ የሱ ነው ማለት ነው።

በ2020 ቡድኑ ጥሩ ተጫወተ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሊነጥቀን ነው የሚል ፍርሃት ገባ። ውሉ ገና ዓመታት ሲቀሩት በ2021 እስከ 2031 ተራዘመ፣ ጠቅላላው ወደ 95 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ። ማን አስገደዳቸው? በዚህ ገበያ አንድ ኤጀንት ብዙ ታላላቅ አሰልጣኞችን ይወክላል፤ ጂሚ ሴክስተንን ያህል ስሙ የሚነሳ የለም። አንዱ ጋ ወንበር ክፍት ሲሆን ሌላው ጋ ያለው ደንበኛው ደመወዝ ይጨመርለታል። ሰውየው መሄድ እንኳ አይጠበቅበትም፣ ሊሄድ ነው መባሉ ይበቃል።

በማግሥቱ ዓመት ቡድኑ 5 አሸንፎ 7 ተሸነፈ። ኅዳር 2023 ላይ ሚሲሲፒ ስቴትን 51 ለ 10 ቀጥቅጠው በማግሥቱ ፊሸርን አሰናበቱት። ውሉ ዋስትና ስላለው የማሰናበቻው ሂሳብ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። በ60 ቀን ውስጥ 19.2 ሚሊዮን፣ ከዚያ እስከ 2031 በየዓመቱ 7.2 ሚሊዮን። በቀን ሲካፈል ወደ 20 ሺህ ዶላር ይመጣል፣ ያውም ሥራ ላልሠራበት ቀን።

ደግሞ የተተካውን ሰው እዩ። ማይክ ኤልኮ የፊሸር ምክትል ሆኖ እዚያው የተከላካይ ክፍሉን ይመራ የነበረ ሰው ነው። የመጀመሪያ ውሉ በዓመት 7 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሜዳ ላይ ቆሞ ከሚጮኸው ይልቅ ቤቱ የተቀመጠው ይበልጥ ተከፈለው!

እዚህ ዳላስ ይህን ስናነሳ «ምን አገባህ፣ ከታክስህ አልወጣ» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። የመጀመሪያው ክፍያ የወጣው ለስፖርቱ ከሚለግሱ ደጋፊዎች ገንዘብ ነው፣ ቀሪው ከስፖርት ክፍሉ ገቢ ነው ተብሏል። ነገር ግን ለኮሌጅ ስፖርት የሚሰጥ ልገሳ በአሜሪካ ሕግ እንደ በጎ አድራጎት ተቆጥሮ ከታክስ ይቀነሳል። ለድሃ ተማሪ ስኮላርሺፕ የሰጠና አሰልጣኝ ለማባረር ያዋጣ ሰው በታክስ ቢሮው ዓይን እኩል ናቸው። ስለዚህ ትንሽም ቢሆን ያገባናል።

የሚያናድደኝ ግን ይሄም አይደለም። ጭንቅላታቸውን የሚያጋጩት ልጆች እስከ 2021 ድረስ በስማቸው ማስታወቂያ ሠርተው ገንዘብ መቀበል አይችሉም ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲከፍሏቸው የተፈቀደው በ2025 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ነው። ጣሪያውም ለመጀመሪያው ዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ሆነ፣ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ስፖርተኞች በሙሉ፣ ዋናተኛውም ሯጩም ተደምሮ። የፊሸር ማሰናበቻ ብቻውን የዚህን ሦስት እጥፍ ተኩል ያልፋል። ለተጫዋቾች ጣሪያ ያበጀ ሥርዓት ለአሰልጣኞች ጣሪያ አላበጀም።

ፊሸርን ሌባ ማለቴ አይደለም። አሰልጣኝነት ክፉ ሥራ ነው። ጀማሪ ረዳቶች በትንሽ ገንዘብ ሌሊት ቪዲዮ ሲያዩ ያድራሉ፣ ልጆቻቸውን በየከተማው ይዘው ይዞራሉ፣ ሁለት መጥፎ ዓመት ይበቃል ሻንጣ ለማስያዝ። እሱ የተሰጠውን ፈረመ። ጥያቄዬ ለሰጡት ነው።

የተሻለ ውል መጻፍ እንደሚቻል ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሳይቷል። ጥቅምት 2025 ላይ አሰልጣኙን ጄምስ ፍራንክሊንን ሲያሰናብት 49 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ይጠበቅበት ነበር። ሆኖም ውሉ አሰልጣኙ ሌላ ሥራ እንዲፈልግ፣ አዲሱ ደመወዙም ከዕዳው እንዲቀነስ ያዛል። ፍራንክሊን ብዙም ሳይቆይ ቨርጂኒያ ቴክ ገባ፣ የፔን ስቴት ዕዳም በስምምነት ወደ 9 ሚሊዮን ወረደ። የፊሸር ውል ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ አልነበረም። ነገ ሌላ ቦታ ቢቀጠር እንኳ የቴክሳሱ ክፍያ ሳንቲም አይጎድልበትም።

እና አዘጋጆች፣ በሚቀጥለው የደመወዝ ዝርዝር ስታወጡ አንድ ዓምድ ጨምሩበት፦ «ዛሬ ቢባረር ስንት ይከፈለዋል፣ ሌላ ሥራ ቢያገኝስ ይቀነሳል ወይ?» የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውል በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ዩኤስኤ ቱዴይ ጋዜጣም በየዓመቱ አሰባስቦ ያወጣዋል። ማግኘቱ አይከብዳችሁም።

አንባቢያችሁ፣
ከዳላስ፣ ቴክሳስ