ግልጽ ደብዳቤ ለገንዘብ ሚኒስትሩ፦ 2,000 ብር የማን ደመወዝ ነው?

ይድረስ ለክቡር አቶ አሕመድ ሺዴ
የገንዘብ ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ስለ ደመወዝ ግብር ሦስት ጊዜ ጽፌ መልስ ያጣሁለትን ጥያቄ በአደባባይ ስለማቅረብ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱን በወጉ ነበር የጻፍኳቸው። በ"ታላቅ አክብሮት" ጀምሬ በ"ታላቅ አክብሮት" ጨርሻለሁ። አክብሮቱ አልጠቀመኝም፤ ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ቀነስ አድርጌዋለሁ። የቁጠባ ዘመን ነው።

ማን እንደሆንኩ ልንገርዎ። በአዲስ አበባ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝ። የተቃዋሚ ፓርቲ አባልም ነኝ። አሁን አሁን "ተፎካካሪ" ነው የምትሉን። ስሙን ወድጄዋለሁ፤ ፉክክሩን ነው ያላየሁት። በሰኔ 2013 ምርጫ ውጤታቸው ከታወጀው 436 የፓርላማ መቀመጫዎች 410ሩን ፓርቲያችሁ ሲወስድ፣ ተወዳድረው ከተሸነፉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ስለ እሱ ቅሬታ የለኝም። ማለቴ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የለኝም።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ይዤ የሄድኩበት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት፣ ወረቀቱን የተቀበለኝ ሰው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና "መምህር፣ ይሄን የጻፉት በፓርቲ አባልነትዎ ነው ወይስ በግልዎ?" አለኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው አልኩት። በፓርቲ ከሆነ የፓርቲው ማኅተም ያስፈልጋል፣ በግል ከሆነ ደግሞ የግለሰብ የፖሊሲ ጥያቄ አንቀበልም አለኝ። ማኅተም አስደርጌ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ደግሞ "የፖለቲካ ጉዳይ እዚህ አይታይም" ተባልኩ። ሦስተኛው "ገቢ" ተመትቶበት ገባ። ከገባ ወዲህ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ጥያቄዬ ግን ፖለቲካ አይደለም። የመደመርና የመቀነስ ጥያቄ ነው።

በመስከረም መጨረሻ፣ የ2018 አዲሱ የደመወዝ ጭማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ በገባበት ሰሞን፣ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ በር ላይ አስቆሙኝ። "እትዬ" ነው የምንላቸው። ስልካቸውን ዘረጉልኝ። የባንክ መልእክት ነው። 4,880 ብር ገብቷል ይላል።

"መምህር፣ ስድስት ሺህ አልተባለም እንዴ?"

ተብሏል። ቴሌቪዥኑ ነው ያለው። ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል ተብሎ ስንት ቀን ተነግሯል። የፈተና ወረቀት ገልብጬ ጀርባው ላይ ሒሳቡን ሠራሁላቸው። የመጀመሪያው 2,000 ብር በግብር አይነካም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ 300 ብር። ከ4,000 እስከ 6,000 ያለው 20 በመቶ፣ 400 ብር። ግብር 700። ጡረታ 7 በመቶ፣ 420። ቀሪው 4,880። ባንኩ አልተሳሳተም።

እትዬ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። "ጡረታው ይሁን፣ የራሴ ነው። እኔ ግን ግብር ከፋይ ነኝ ማለት ነው? እንደ ባለሱቁ?" አሉ። አዎ አልኳቸው፤ እንዲያውም ከባለሱቁ በፊት፣ ገንዘቡ እጅዎ ሳይገባ ነው የሚከፍሉት። ሳቁ። "ታዲያ ቢጠይቁኝ እኮ እነግራቸው ነበር" አሉ።

ምን ይነግሩዎት እንደነበር ልጻፍልዎ። ለአንዲት ክፍል የቤት ኪራይ 3,500 ብር ይከፍላሉ። የሚቀራቸው 1,380 ብር ነው። በእሱ ከልጅ ልጃቸው ጋር ወር ይገፋሉ። እንዴት እንደሚገፉት ኢኮኖሚክስ አስተማሪ ሆኜም አላውቅም። የተማርኩት ትምህርት እዚያ ላይ ያልቃል።

ክቡር ሚኒስትር፣ እርስዎ ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ረቂቁ የወጣው ከእርስዎ ቤት ነው። ሐምሌ 10 ቀን 2017 ምክር ቤቱ ያጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነጻ የሆነውን የደመወዝ መነሻ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳድጓል። ለሠራተኛው የተደረገ እፎይታ ተብሎ ነው የቀረበው። ሦስት እጥፍ ከምናምን ነዋ! ማን ይከፋዋል?

እስቲ አብረን እንየው። 600 ብሩ በአዋጅ ቁጥር 979 የተቀመጠው በ2008 ነው። ያኔ አንድ ዶላር በባንክ 22 ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ መንግሥት ያኔ "ይቺን አልነካትም" ብሎ የተዋት ገንዘብ 27 ዶላር ያህል ትሆናለች። አዋጁ ሲሻሻል አንድ ዶላር ከ130 ብር በላይ ነበር። 2,000 ብር ማለት 15 ዶላር ገደማ ነው። ከ27 ወደ 15። ይህን ተማሪዎቼ ፈተና ላይ "እፎይታ" ብለው ቢጽፉ ኤክስ ነው የማደርገው።

ሰው በዶላር አይኖርም ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ እትዬ ዶላር አይተው አያውቁም። ግን ዘይቱ በዶላር ነው የሚገባው፣ መድኃኒቱም፣ ነዳጁም። ጤፉ እንኳን ከገጠር የሚመጣው ነዳጅ ጠጥቶ ነው።

ላይኛውን እርከን ደግሞ ይመልከቱት። በድሮው አዋጅ 35 በመቶ የሚጣለው ከ10,900 ብር በላይ ባለው ደመወዝ ላይ ነበር፤ በጊዜው 500 ዶላር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ገንዘብ። ያን ያህል የሚከፈለው ሰው "ደህና ደመወዝተኛ" ይባል ነበር። ዛሬ 35 በመቶው ከ14,000 ብር ጀምሮ ነው። 100 ዶላር ገደማ። አዲስ የተቀጠረ ባለዲግሪ በ11,500 ብር ሥራ ሲጀምር ገና በመጀመሪያ ወሩ 30 በመቶ የሚባለው እርከን ውስጥ ይገባል። ሀብታም ሆኖ ነው? አይደለም። ብሩ ወርዶ፣ እርከኑ ባለበት ሊቆም ምንም ሳይቀረው ነው። ዝቅተኛው የግብር መጣኔ 10 በመቶ ነበር፤ እሱም ቀርቶ አሁን መነሻው 15 ሆኗል። ይህን በቴሌቪዥን አልሰማሁም። ምናልባት መብራት ጠፍቶ ይሆናል።

በነገራችን ላይ፣ የመንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ከሆነ፣ 2,000 ብር የሚከፈለው የመንግሥት ሠራተኛ የት ነው ያለው? የእናንተ ጽዳትም፣ የእናንተ ጥበቃም፣ የእናንተ ተላላኪም ሁሉም ከመስመሩ በላይ ናቸው። ከመንግሥት ሠራተኛ አንድም ሰው ሙሉ በሙሉ ነጻ የማያወጣ ነጻ መነሻ አወጣችሁ።

ከ4,760 ወደ 6,000 የተጨመረው 1,240 ብር ነው። ከእሱ ላይ ተጨማሪው ግብርና ጡረታ 335 ብር ወሰደ። እትዬ እጅ የገባው 905 ብር ነው። ሰጪው አንድ እጅ፣ ተቀባዩም ያው እጅ። ከበሮው ግን የተመታው ለ1,240 ነው።

መልሱ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። አገራችን ከኢኮኖሚዋ አንጻር የምትሰበስበው ግብር 7 በመቶ አካባቢ ነው፣ ከጎረቤትም ያነሰ ነው፣ ከፍ ማለት አለበት። እስማማለሁ! እውነቴን ነው። መንግሥት ያለ ግብር መምህርም አይቀጥርም። ግን ቁጥሩ ዝቅ ያለው እትዬ ስላልከፈሉ ነው? ደመወዝተኛ መደበቅ አይችልም። ደረሰኝ አልቆርጥም አይል፣ ሁለት መዝገብ አይዝ፣ ከቀረጥ ነጻ ፈቃድ የለው። ግብሩ የሚያመልጠው በሌላ በር ነው፤ እናንተ ግን በምታውቁት በር ላይ ወንበር ዘርግታችሁ ተቀመጣችሁ።

ደመወዝ ላይ ብቻም አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ተለቀቀ። በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የአራት ዓመት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። በዚያው ዓመት የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ከተወሰነ ፍጆታ በላይ ባለው መብራትና ውኃ ላይ 15 በመቶውን አመጣ። የመብራት ታሪፉ ራሱ በአራት ዓመት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወሰነ። የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሳ፣ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ቤንዚን በሊትር 100 ብርን ተሻገረ። ከዚያ የንብረት ታክስ አዋጅ መጣ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። እዚያ እናንተ ጋ እያንዳንዱ የየራሱ ፋይል አለው፣ የየራሱ ኮሚቴ። እትዬ ጋ ግን ሁሉም አንድ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚገናኙት።

ቁጠባውን ማን ላይ እንደጀመራችሁት ግን ልብ ይበሉ። የ2017 በጀት መጀመሪያ 971 ቢሊዮን ብር ነበር። ዓመቱ ሳይጋመስ 582 ቢሊዮን ተጨመረበት። የ2018 ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ነው። ብሩ ስለወደቀ ነው፣ ይገባኛል፤ መንግሥት ብር ሲወድቅበት ተጨማሪ በጀት ያጸድቃል። እትዬ ብር ሲወድቅባቸው ለማን ነው የሚያጸድቁት? ትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ያለው የእግረኛ መንገድ በኮሪደር ልማት አምሮ ተሠርቷል፣ ውሸት አልናገርም፣ ማታ ማታ መብራቱ ደስ ይላል። እትዬ ታክሲ ሲወደድባቸው በእሱ ላይ ነው በእግራቸው የሚሄዱት። ተጠቃሚ ናቸው ማለት ነው።

ይህን የምለው ከፓርቲ ሰዎች እኔ ብቻ አይደለሁም። እናት ፓርቲ በጣሪያና ግድግዳ ግብር ጉዳይ ከተማ አስተዳደሩን ፍርድ ቤት ድረስ ወስዶት ነበር። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ የደመወዝ ግብር ይቀነስ እያለ ስንት ሜይ ዴይ አለፈ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች "ደመወዛችን አያኖረንም" ብለው ሥራ አቆሙ፤ መልሱ ለአንዳንዶቹ እስር ሆነ። እኔ መምህር ነኝ፤ ሐኪሙ ያልቻለውን እኔ በሥራ ማቆም አልሞክርም። ለዚህ ነው የምጽፈው። ወረቀት ገና ርካሽ ነው፤ ያውም ፈተና የታረመበት ጀርባ።

ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ። ከግብር ነጻ የሆነው መነሻ በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር አብሮ ይሂድ፤ የሚቀጥለውን ማሻሻያ ሌላ ዘጠኝ ዓመት አንጠብቅ። ሁለተኛው አዲስ ሕግ እንኳን አይፈልግም። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ግን እስካሁን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለውም። ቀረጥና ታክስ ሲሆን ከአዋጅ እስከ መመሪያ በጥቂት ወር ትደርሳላችሁ። ይሄኛው ምን ያዘው?

ለዚህኛው ደብዳቤ ማኅተም አላስመታሁም። በዜግነቴም በአባልነቴም ነው የጻፍኩት፤ መዝገብ ቤቱ በፈለገው ይመዝግበው። መልስ ካለ ለእኔ ሳይሆን ለእትዬ ቢሆን እመርጣለሁ። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ አሉ።

ከሰላምታ ጋር

የአዲስ አበባ መምህር፣ ግብር ከፋይ፣ በ2013 የተሸነፈ ዕጩ

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
ሦስቱ ደብዳቤዎቼ ላሉበት መዝገብ ቤት፣ ከእነሱ ጋር እንዲያያዝ
ለእትዬ፣ ሒሳቡ ከተሠራበት ወረቀት ጋር