በሬው ሳይሸጥ

ለአዘጋጁ፦

በካንሰር የታመመች ወጣት እናት ወደ አዲስ አበባ ስትላክ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ቀን ያዋጣል፤ ከዚያ ዝም። ሕክምናው ግን በአንድ ጉዞ አያልቅም። ኬሞቴራፒ ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ለወራት ይሰጣል። ጨረር ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን ስለሆነ ኪስ የሚያራቁተው አልጋ ኪራዩ ነው። ስለዚህ ዕድሮቻችን መዋጮውን ከፋፍለው በየዙሩ ቢልኩት ይሻላል።

ከመንገዱ በፊት የጤና መድን መታወቂያው ይታደስ፤ የሪፈር ወረቀቱም ይያዝ። ያለ ሪፈር የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። ብዙዎች የሚረሱት ግን ሌላ ነው፦ ለምርመራ ከሰውነቷ የተወሰደውን ናሙና የውጤት ወረቀት ብቻ ሳይሆን ስላይዱን (ናሙናው የተቀባበትን መስታወት) እና በሰም የተቀመጠውን ናሙና ራሱን ከላብራቶሪው ተቀብሎ መሄድ። የጥቁር አንበሳ ሐኪሞች እንደገና እንመርምረው ካሉ ለዚሁ ብቻ ዓባይን ተሻግሮ መመለስ ይመጣል። ማደሪያ የቸገረው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ይጠይቅ።

በሬው አይሸጥ! ባልየው አስታማሚ ሆኖ ሲሄድ መሬቱን በደቦ ማረስ፣ አዝመራውን መሰብሰብና ልጆቹን ማብላት ከብር ይበልጣል።

ጠያቂዎችም (ቅር የሚለው እንዳለ እናውቃለን) ጉንፋን ከያዛችሁ በስልክ ጠይቁ፤ ያልፈላ ወተትም አትውሰዱ። ከኬሞ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት በሽታን የመከላከል አቅም ይወርዳል። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ማስታገሻ ሰጥቶ ማሳደር አደገኛ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ትወሰድ።

የዕድር አባላት፣ ከደብረ ማርቆስ